አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ «ሕግ ሕግ ነው» ለምትሉ አንድ ጥያቄ

የሌሊት ሹፌር፦

ቤቶች፣ እንደምን አመሻችሁ። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው የምጽፈው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳንጣላ።

ትናንት ሌሊት ከደለስ አየር ማረፊያ አንድ የሀገር ልጅ ጫንኩ። ስፕሪንግፊልድ ነው የሚሄደው። ዕድሜው ወደ ሃምሳ፣ ጨዋ ሰው፣ ከረሜላ ሁሉ ሰጠኝ። ጨዋታችን ኢሚግሬሽን ላይ ሲደርስ ግን ቆጣ አለ። «ወረቀት የሌለው ሁሉ ይውጣ። ሕግ ሕግ ነው፣ ትልቅ ትንሽ የለውም» አለኝ። ዝም አልኩ። 495 አውራ ጎዳና ላይ ስንገባ «ወንድሜ፣ ትንሽ ንካው እንጂ፣ መንገዱ ባዶ ነው» አለ። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው 55 ነው። እኔ 63 እየነዳሁ ነበር።

አልተከራከርኩትም። ቲፕ ከሚሰጥ ሰው ጋር አልከራከርም። ቤቴ ስገባ ግን አንድ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ።

በ2011 በዲቪ እንደመጣሁ መጀመሪያ የሠራሁት ዲሲ መሐል ከተማ፣ አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ነው። ከመሬት በታች ሁለት ፎቅ፣ ጭሱ ጉሮሮ የሚይዝ። ፎርም በሞላሁበት ቀን አንድ የኤል ሳልቫዶር ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይሞላ ነበር። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን አወጣ። ካርዱ ፕላስቲክ ለብሷል። ጠርዙ አልተላጠም፣ ከላዩ ያብረቀርቃል፣ ትናንት የተሠራ ይመስላል። ሥራ አስኪያጁ ገልብጦ አየው። ቀና ብሎ ልጁን አየው። ፈገግ አለ። ከዚያ ካርዱን ኮፒ ማሽኑ ላይ አስተኛና «ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ና» አለው።

ልጁ ሁለት ዓመት ሠራ፣ ከሁላችንም በላይ። ፈረቃ የቀረ ሰው ካለ የሚጠራው እሱ ነው። በ2013 የኢሚግሬሽን ሰዎች ፋይል ሊመረምሩ ነው ተባለ። አርብ ማታ ሥራ አስኪያጁ እሱንና ሌሎች አሥር ሰዎችን ጠርቶ «ሰኞ እንዳትመጡ» አላቸው። የመጨረሻ ሳምንት ደሞዛቸውን ያገኙ አይመስለኝም። ሥራ አስኪያጁ ግን እዚያው አለ። ያው ኮፒ ማሽን፣ ያው ፈገግታ። ወር ሳይሞላው በምትካቸው ሌላ ሰው ቀጠረ።

ሁለቱም ሕግ ጥሰዋል። አንዱ ሲባረር ሌላው ቁጭ ብሎ የሚቀጥር ከሆነ የተከበረው ሕግ የቱ ነው?

ቀጥ ያለው፦

ወንድም ሹፌር፣ ታሪኩ ያሳዝናል። ግን ማሳዘንና ትክክል መሆን ለየቅል ናቸው።

የኔንም ስማ። እህቴ ዜጋ ሆና ፋይል የከፈተችልኝ በ2007 ነው። እዚህ የገባሁት በ2022 መጨረሻ። አሥራ አምስት ዓመት! ስጠብቅ ፀጉሬ ሸበተ። የመጀመሪያ ልጄ 21 ዓመት አለፋትና «ልጅ» መሆኗ ቀረ ተብሎ ከፋይሉ ወጣች። ይኸው እስከ ዛሬ አዲስ አበባ ናት። በእግሬ ሜክሲኮን አቋርጬ መምጣት አልችልም ነበር? እችል ነበር። አላደረግኩትም።

አሠሪው ስላልተቀጣ ሠራተኛውም አይነካ ማለት፣ አንዱ ሌባ ስላመለጠ የተያዘውም ይለቀቅ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሙግት እኛ ሀገር ሽማግሌ ፊት አይቆምም።

ወለላ፦

ቀጥ ያለው፣ የልጅህ ነገር አንጀቴን በላው። እግዚአብሔር ያገናኛችሁ።

ግን ልጠይቅህ፣ 15 ዓመት ያስጠበቀህ የኤል ሳልቫዶሩ ልጅ ነው እንዴ?

ቀጥ ያለው፦

አይደለም እህቴ። ኮታው ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ተሰልፎ የቆመ ሰው ሰልፍ ጥሶ የገባ ሰው ሲያይ ያንገበግበዋል። ይህን ስሜት ዘረኝነት አታድርጉብኝ።

የጠበቃ ረዳት፦

ጠበቃ አይደለሁም፣ ጠበቃ ቢሮ ነው የምሠራው። የምጽፈውን እንደ ሕግ ምክር አትውሰዱት፣ አለቃዬም አይወደውም።

ሹፌር ያነሳው ነገር ሥር አለው። እስከ 1986 ድረስ እዚህ ሀገር ወረቀት የሌለውን ሰው መቅጠር በፌዴራል ሕግ አያስጠይቅም ነበር። እንዲያውም የ1952ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ሲወጣ አንድ አንቀጽ ተሰክቶበታል። ሕገወጥ ገቢን መደበቅ ወንጀል ነው፣ መቅጠር ግን እንደ መደበቅ አይቆጠርም ይላል። የቴክሳስ እርሻ ባለቤቶችን ለማስደሰት የገባ ስለሆነ እስካሁን በቴክሳስ ስም ነው የሚጠራው። ሰውየው ወንጀለኛ፣ ጉልበቱን የገዛው ንጹሕ።

ፕሬዚዳንት ሬገን ኖቬምበር 6 ቀን 1986 የፈረሙት ሕግ ይህን ሊያስተካክል ነው የመጣው። ሁለት ወገን ነበረው። ባንድ በኩል ወደ 2.7 ሚሊዮን ሰው ወረቀት አገኘ። በሌላ በኩል መቅጠር ተከለከለ፣ አሠሪው የሠራተኛውን ወረቀት አይቶ የሚሞላው አይ-9 የሚባለው ፎርም ተወለደ። ግን ክልከላው ውስጥ አንዲት ቃል አለች፦ «እያወቀ»። እያወቀ የቀጠረ ነው የሚቀጣው። ወረቀቱ ሲታይ እውነተኛ ከመሰለ አሠሪው የበኩሉን ተወጥቷል። የሹፌር አለቃ ፈገግ ያለው ለዚህ ነው። ፈገግታ ፋይል ውስጥ አይገባም፣ ኮፒው ግን ይገባል።

(ላሚኔት የተደረገ ካርድ በራሱ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም። አታስደርጉት ይባላል እንጂ የኛ ሰው የትኛውን ወረቀት ሳያስጠቀልል ይተዋል? የእናቴም ካርድ ተጠቅልሏል።)

ቅጣቱን ደግሞ ተመልከቱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድንበር በሕገወጥ መንገድ የገባ ሰው እስከ 6 ወር ሊታሰር ይችላል። ወረቀት የሌላቸውን ሰዎች እያወቀ መቅጠርን ልማድ ያደረገ አሠሪም እስከ 6 ወር። ወረቀቱ ላይ እኩል ናቸው። የሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኤፕሪል 2018 እስከ ማርች 2019 ያለውን የፌዴራል ክስ ቆጥረው ነበር። በሕገወጥ መግባት የተከሰሰው ከ85 ሺህ በላይ ነው። እያወቀ በመቅጠር የተከሰሰው 11 ሰው። ኩባንያ ደግሞ አንድም የለም።

ለቀጥ ያለው አንድ እርማት፦ በቪዛ ገብቶ ቀኑ ያለፈበት ሰው ሊባረር ይችላል፣ ቀኑ ማለፉ በራሱ ግን ወንጀል አይደለም። ስለዚህ «ሌባ» የሚለው ምሳሌ ለሁሉም አይሠራም።

ወለላ፦

85 ሺህ ለ11??? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ባለ ምጣዷ፦

እኔ ዳውላ ሳልሆን አህያዋ ነኝ መሰለኝ። አነስተኛ ሬስቶራንት አለኝ።

አሠሪ ሁሉ የጋራዡ ሰውዬ አይደለም። ሰው ወረቀት ይዞ ይመጣል። «ይሄ አላማረኝም፣ ሌላ አምጣ» ብለው አድልዎ አደረገች ተብዬ ልከሰስ እችላለሁ፣ እሱም እዚያው ሕግ ውስጥ አለ። ጠበቃ ረዳቱ ይመስክር። ኢ-ቬሪፋይ የሚባለው የኮምፒውተር ማጣሪያ ደግሞ በፌዴራል ደረጃ ለኔ ቢጤ የግል ቀጣሪ ግዴታ አይደለም። ቢያንስ ለሁላችን ግዴታ ያላደረጉት ረስተውት ይመስላችኋል? በየጊዜው ረቂቅ ይቀርባል፣ እርሻውም ሆቴሉም ይጮሃል፣ ይቀራል።

ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ስሜ እዚህ የለም። አለማወቅ ይመቻል። አርብ ማታ ሰማንያ ሰው ቁጭ ብሎ ክትፎ ሲጠብቅ፣ ማጠቢያው ላይ ትሪ እስከ ጣሪያ ሲከመር፣ ከኋላ በር የገባውን ልጅ «የት ተወለድክ» አልለውም። እጁን ታጥቦ ሽርጥ ይልበስ ብቻ።

የገረመኝ ግን ጁን 2025 የሆነው ነው። ሐሙስ ዕለት እርሻ፣ ሆቴልና ሬስቶራንት ላይ የሚደረገው አፈሳ ጋብ ይበል የሚል ትእዛዝ ወጣ። ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ገበሬዎችና ሆቴሎች ጥሩና የቆዩ ሠራተኞቻቸውን እያጡ ነው ብለው ጽፈው ነበር። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ሰኞ ተሻረ። ከሐሙስ እስከ ሰኞ የተለወጠ የሕግ ቃል የለም። የኔ ኩሽና ያው ነው፣ ልጁም ያው ነው። ሐሙስ «ጥሩ ሠራተኛ» ነበር፣ ሰኞ «ሕገወጥ» ሆነ።

[አወያይ፦ እዚህ ላይ የነበረ ጽሑፍ ተነስቷል። ዘር እየጠራችሁ አትሳደቡ። ሁለተኛ አናስጠነቅቅም።]

ቀጥ ያለው፦

የተነሳው ጽሑፍ የኔ አይደለም፣ እንዳይመስላችሁ።

ባለ ምጣዷ፣ ስላልዋሸሽ አከበርኩሽ። እኔ ሐሙስንም እቃወማለሁ። ሕግ ካለ አሠሪውም ሠራተኛውም ይቀጣ። ሁለቱም! ለዚህ ምን መልስ አላችሁ? እናንተ ግን «ሁሉም እኩል አልተቀጣምና ማንም አይቀጣ» ወደሚለው ነው የምትሄዱት።

የሌሊት ሹፌር፦

እኔ እዚያ አልሄድኩም። «ሁለቱም ይቀጡ» ጥሩ ነው። ችግሩ ሁልጊዜ ከአንዱ ይጀመራል፣ ሌላው ጋ ሳይደረስ ይመሻል።

ፖስትቪል የምትባል የአይዋ ትንሽ ከተማ አለች። ሜይ 12 ቀን 2008 የሥጋ ፋብሪካዋ ተከቦ 389 ሰው ተያዘ። አብዛኞቹ ከጓቲማላ የመጡ። ችሎቱ የተቀመጠው የት መሰላችሁ? ዋተርሉ ከተማ፣ የከብት ኤግዚቢሽን የሚደረግበት ግቢ ውስጥ። በቀናት ውስጥ ወደ ሦስት መቶ ሰው ጥፋተኛ ተባለ፣ አብዛኛው አምስት ወር ታስሮ እንዲባረር። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅም አልቀረለትም፣ 27 ዓመት ተፈረደበት። ግን በምን? ባንክ በማጭበርበር። ወረቀት የሌላቸውን በመቅጠር የቀረበበት ክስ ተነሳ። በኋላ በ2017 ትራምፕ ቅጣቱን አሳጥረውለት ወጣ። ባንኩን ባይነካ ኖሮስ?

ሚሲሲፒ ላይም በኦገስት 2019 በሰባት የዶሮ ፋብሪካ 680 ሰው ባንድ ቀን ታፈሰ። ልጆች ትምህርት በጀመሩበት ቀን። ከዓመት በኋላ የተከሰሱት ሥራ አስኪያጆች አራት ናቸው። 680 ለ4። ከ85 ሺህ ለ11 ይሻላል በሉኝ።

አንዱ ከአትላንታ፦

የጆርጂያውን የባትሪ ፋብሪካ አትርሱ። ሴፕቴምበር 2025 ላይ 475 ሰው፣ ከሦስት መቶ በላይ ኮሪያውያን። መንግሥታቸው አውሮፕላን ልኮ በሳምንቱ ወሰዳቸው። ከዚያ ደግሞ ባለሙያ ያስፈልገናል፣ መጥተው ያሠልጥኑን ተባለ። ፓስፖርትም ክብደት አለው ወገን።

የጅዳው፦

እናንተ ስለ «እያወቀ» ትከራከራላችሁ። እዚህ አሠሪው ያውቃል፣ መንግሥት ያውቃል፣ ጎረቤት ያውቃል።

እዚህ ኢቃማህ (የመኖሪያ ፈቃድህ) በከፊልህ፣ ማለትም ባስመጣህ አሠሪ፣ እጅ ነው። ደሞዝ አልከፍልም ካለህና ጥለህ ከወጣህ ሄዶ «ጠፍቶብኛል» ብሎ ሁሩብ (የጠፋ ሠራተኛ) ያስመታብሃል። በዚያው ሕገወጥ ትሆናለህ። ድንበር አልዘለልክም፣ ቪዛህ አላለፈም፣ የሠራህበትን ነው የጠየቅከው። ከዚያ ሌላ ሰው ቤት በጥቁር ትሠራለህ፣ ያኛውም ወረቀት እንደሌለህ ስለሚያውቅ ግማሽ ይከፍልሃል። ዓመት ሁለት ዓመት ማንም አይነካህም። ሹርጣ (ፖሊስ) በመንገድ ያይሃል፣ ያልፍሃል። አንድ ቀን ዘመቻ ይታወጃል።

በ2013 የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። የእፎይታ ጊዜው አለቀ ተባለና በኖቬምበር መጀመሪያ ሆ ብለው ወጡ። ሪያድ መንፉሐ ላይ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ወደ ሀገር ቤት ተመለሰ። እኔ ጅዳ ተርሂል (የሚባረር ሰው የሚታጎርበት) ውስጥ ነበርኩ፣ በኋላ በሌላ ቪዛ ተመልሼ ነው የመጣሁት። ከኔ ጋር ታጉረው የነበሩት ሾፌር፣ እረኛ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ሰዓሊ። ከፊል አላየሁም። አንድም።

አራት ኪሎ፦

ከዚህ ከሀገር ቤት አንድ ልጨምር፣ ውጭ ሀገር ብቻ አታስመስሉት።

መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ካልሲ የምትሸጥ ልጅ ነበረች። ሸራዋ አራት ማዕዘኑ ላይ ገመድ አለው። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ገመዱን ትስበዋለች፣ ሸራው እንደ ከረጢት ይሰበሰባል፣ ሮጠች። ባለሙያ ናት። አጠገቧ ያለው ሱቅ ደግሞ ማኔኪኑን፣ የጫማ መደርደሪያውን፣ ባለ ጎማ መስቀያውን ሁሉ እግረኛ መንገዱ ላይ ያወጣል። እኛ በአስፋልት እንሄዳለን። ደንቡ ለሁለቱም አንድ ነው፣ እግረኛ መንገድ ላይ አትነግዱ። ደንብ አስከባሪዎቹ እሷን ሲያባርሩ በማኔኪኖቹ መሐል እየተሽሎከለኩ ነው።

አንድ ቀን ገመዱ ተጠላልፎባት ያዟት። «በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች። አባቴ ሲያወራ ድሮ ይህ ቃል የተመዘዘ ጎራዴ ያስቆም ነበር ይላል። ያን ቀን ያስቆመው እኔን ብቻ ነው።

ወለላ፦

ልጅቷስ?

አራት ኪሎ፦

ካልሲው ተወረሰ። በሳምንቷ መጣች፣ ሌላ ሸራ፣ ሌላ ካልሲ። አሁን የለችም። የት እንደሄደች አላውቅም፣ «ጅዳ ልሄድ ነው» ትል ነበር።

የጅዳው፦

😔

የ2002 ተማሪ፦

እኔ ቨርጂኒያ በተማሪ ቪዛ ነበርኩ። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ ከ25 ሀገር የመጡና በጊዜያዊ ቪዛ ያሉ ወንዶች ከ16 ዓመት ጀምሮ ቢሮ ቀርበው ይመዝገቡ፣ አሻራ ይስጡ ተባለ። ዝርዝሩ ውስጥ ከሰሜን ኮሪያ በቀር ሁሉም ሙስሊም የሚበዛባቸው ሀገሮች ናቸው ይባል ነበር። ኤርትራም ገብታለች። ኢትዮጵያ የለችም።

የክፍል ጓደኛዬ የተወለደው አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ነው። እናትና አባቱ ከአስመራ ስለሆኑ የያዘው የኤርትራ ፓስፖርት ነው። ኦርቶዶክስ ነው፣ ስቅለት ዕለት ከኔ በላይ የሚሰግድ። እሱን እኔ ነኝ በመኪና ያደረስኩት። ከጠዋት እስከ ማታ ፓርኪንግ ውስጥ ጠበቅኩት። ሁለታችንም ያ ሴሚስተር ከሚፈቀደው ሰዓት በላይ ካምፓስ ካፌ ውስጥ ሠርተን ነበር። ሁለታችንም ቪዛችንን ጥሰናል ማለት ነው። የተጠየቀው ግን እሱ ነው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፣ መኪና ውስጥ በርገር እየበላሁ ነበር።

ከ80 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፣ ወደ 13 ሺህ የሚሆነው የማባረር ክስ ተከፈተበት። ራሳቸው ቀርበው ነው እንግዲህ፣ ሕግ አክብረው። የቀረ ሰው ይሻለው ነበር።

ጓደኛዬ አልተባረረም፣ ደህና ነው። ግን ያን ቀን ሲወጣ «ምን አሉህ?» ስለው «ካዛንቺስ የት ነው አሉኝ» ብሎ ሳቀ። አሁንም ስንደዋወል «ካዛንቺስ የት ነው?» ነው ሰላምታችን።

ወለላ፦

ጠበቃ ረዳቱ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ለምን እኔን ብቻ?» ማለት አይቻልም እንዴ? እኩልነት የሚባል ነገር አለ አይደል ሕገ መንግሥታቸው ላይ?

የጠበቃ ረዳት፦

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ ትንሽ ታገሱኝ።

ሳን ፍራንሲስኮ፣ 1880ዎቹ። ከተማዋ አንድ ደንብ ታወጣለች፦ በእንጨት ቤት ውስጥ ልብስ ማጠቢያ የሚያሠራ ሰው ፈቃድ ያውጣ። እሳት ይነሳል ተብሎ ነው። ቻይና የሚል ቃል የለበትም። በከተማዋ ከነበሩት ወደ 320 የሚሆኑ ማጠቢያ ቤቶች አብዛኞቹ፣ ወደ 240 ገደማ፣ የቻይናውያን ናቸው፣ ቤቱም ከሞላ ጎደል ሁሉም እንጨት። ሁለት መቶ ያህል ቻይናውያን ፈቃድ ጠየቁ። ሁሉም ተከለከሉ። ቻይናዊ ያልሆኑ ሰማንያ ያህል ሰዎች ጠየቁ። ከአንዱ በቀር ሁሉም ተፈቀደላቸው። ዪክ ዎ በሚል ስም የሚታወቀው ባለ ማጠቢያ ለ22 ዓመት የሠራበትን ቤት ስላልዘጋ ታሰረ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1886 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ፈረዱለት። ደንቡ ሲነበብ ቀና ቢሆንም «በክፉ ዓይንና ባልተካከለ እጅ» ከተሠራበት የእኩልነት ጥሰት ነው አሉ። ሰውየው ዜጋ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ «ማንኛውም ሰው» ነው የሚለው ብለው አለፉት።

ደስ ይላል አይደል? አሁን ወደ 1999 ኑ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ1987 የተያዙ ስምንት ሰዎች ነበሩ፣ ሰባት ፍልስጤማውያንና አንዲት ኬንያዊት። ሌላው በየዕለቱ የሚፈጽመውን ቴክኒካል ጥፋት ሰበብ አድርጎ መንግሥት የፈለገን በፖለቲካ አቋማችን ነው ብለው ተከራከሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በአጠቃላይ ሲታይ በሕገወጥ መንገድ እዚህ ያለ ሰው ላለመባረር «ለምን እኔን መረጣችሁኝ» የሚል መከላከያ ማቅረብ አይችልም አለ። ጉዳዩ የተዘጋው በ2007 ነው። ሃያ ዓመት።

ማለቴ፣ ልብስ ማጠቢያህን ሊዘጉብህ ከሆነ «ለምን እኔን?» ትላለህ። ከነልብስህ ሊያስወጡህ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ አትልም።

ለፍትሕ ያህል የሌላውንም ወገን ልጻፍ። መምረጥ ራሱ ግዴታ ነው። በሀገሪቱ ወረቀት የሌለው ሰው ከአሥር ሚሊዮን በላይ ነው፣ ሁሉን የሚይዝ በጀት ለየትኛውም ፕሬዚዳንት ተሰጥቶ አያውቅም። በ2023 ቴክሳስ የባይደንን አስተዳደር «የምታስረውን እየመረጥክ ነው» ብላ ስትከስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ1 መልሷታል። ስለዚህ ቀጥ ያለው የሚፈልገው «ሁሉም ላይ እኩል» ዓለም ላይ የለም። የሚቀረው ጥያቄ በምን ይመረጥ ነው። ሰው የገደለ ይቅደም? ወይስ መኪና አጣቢ ቤት የቆመ?

የፌርፋክስ ልጅ፦

መኪና አጣቢ ቤት ካልክማ ልናገር። ሎስ አንጀለስ ነኝ፣ ሊትል ኢትዮጵያ አጠገብ።

በ2025 ሰመር እዚህ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ከመኪና ወርደው ሰው ሲያፍሱ ከረመ። አንዲት ዳኛ በጁላይ አገደች። በመልክ፣ በአክሰንት፣ በቆምክበት ቦታ፣ በምትሠራው ሥራ ብቻ ሰው አታስቁሙ አለች። ሴፕቴምበር 8 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እገዳውን አነሳው፣ ያውም ምክንያቱን ሳይጽፍ። አንዱ ዳኛ ለብቻቸው ጽፈዋል፣ መልክ ብቻውን አይበቃም፣ ከሌላ ነገር ጋር ተደምሮ ግን ሊታይ ይችላል ብለው።

አሁን ራሳችሁን ደምሩ። መልክ፣ አለን። አክሰንት፣ የጉድ አለን። አውቶቡስ ፌርማታ፣ ፓርኪንግ፣ ኩሽና፣ አለን። ዜጋ ከሆንኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ፓስፖርት ካርዴን ከመንጃ ፈቃዴ ጋር ይዤ ነው ወተት የምገዛው።

ወለላ፦

እማዬ ግሪን ካርዷን ዳዊቷ ውስጥ፣ መዝሙር 90 ላይ አስገብታ ነው የምታስቀምጠው። «ይጠብቀዋል» ትላለች።

የጠበቃ ረዳት፦

ወለላ፣ ከዳዊቱ አውጪውና ቦርሳዋ ውስጥ አድርጊላት። 18 ዓመት የሞላው ግሪን ካርድ ያዥ ካርዱን ሁልጊዜ ይዞ መንቀሳቀስ አለበት፣ ካልያዘ ገንዘብ ወይም እስከ 30 ቀን እስር፣ ወይም ሁለቱም ነው። ሕጉ ብዙዎቻችን ሳንወለድ የወጣ ነው። ለዓመታት ማንም አይጠይቅም ነበር፣ አሁን ይጠየቃል።

እንደሱ የተኛ ሌላም አለ። ዜጋ ያልሆነ ሰው ቤት በቀየረ በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት። ፎርሙ ኤአር-11 ይባላል። ይህን አለማድረግም ወንጀል ነው፣ እሱም እስከ 30 ቀን፣ በቂ ምክንያት ከሌለህ ለመባረርም ሊያበቃ ይችላል። ቢሮ የሚመጣውን ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ። ከአሥር ዘጠኙ ሰምቶት አያውቅም። ከመስከረም 11 በኋላ በ2002 ፍትሕ ሚኒስቴሩ ትዝ ብሎት ቀስቅሶት ነበር። ማን ላይ እንደቀሰቀሰው መገመት አያቅታችሁም።

የሌሊት ሹፌር፦

ቀጥ ያለው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። በ2022 ስትመጣ እህትህ ጋ ነበር ያረፍከው አይደል? አሁንም እዚያው ነህ?

ቀጥ ያለው፦

እህቴ ጋ አሌክሳንድሪያ ነበርኩ። ከዚያ ለብቻዬ አፓርትመንት ያዝኩ። አሁን ዉድብሪጅ ነኝ። ምነው?

ወለላ፦

ኧረ በናታችሁ ተውት 😂

ቀጥ ያለው፦

ገባኝ። ገባኝ። ፖስታ ቤት አሳውቄያለሁ፣ ባንክ አሳውቄያለሁ፣ መንጃ ፈቃዴን ቀይሬያለሁ። ይህን ግን ማንም አልነገረኝም። ሰው ያልሰማውን ሕግ ጣሰ ይባላል?

አንዱ ከአትላንታ፦

«ሕግ አለማወቅ ከቅጣት አያድንም» የሚል ሰው ነበር እዚህ መድረክ ላይ፣ ስሙ ጠፋኝ።

ቀጥ ያለው፦

ሳቁ፣ መብታችሁ ነው። አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም፣ ድንበር መዝለልና ፎርም መርሳት አንድ አይደሉም። የሠራሁት ጥፋት ግን ጥፋት ነው፣ አልክድም።

ወንድም ረዳት፣ ፎርሙ የት ነው የሚሞላው? ገንዘብ አለው?

የጠበቃ ረዳት፦

ኦንላይን ነው፣ የኢሚግሬሽኑ ድረ ገጽ ላይ። ነፃ ነው። አካውንትህ ውስጥ ገብተህ አድራሻ ቀይር የሚለውን ተጫን። የማረጋገጫውን ገጽ አትመህ አስቀምጥ። ዘግይተህም ቢሆን መሙላት ካለመሙላት ይሻላል። የድሮ አድራሻህን በትክክል ከነአፓርትመንት ቁጥሩ ይጠይቅሃል።

ቀጥ ያለው፦

ቁጥሩ 304 ይሁን 403 ጠፋኝ። ጠዋት እህቴን ልደውልላት።